የአርማታ ፖርታል ፍሬም ዲዛይን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳራሽ፣ ወርክሾፕ፣ መጋዘን፣ የትምህርት ቤት መመገቢያ። መሐሉ ላይ ኮለን የማይፈለግበት ቤት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ፖርታል ፍሬም ጋ ይደርሳል። ከተማሪዎች፣ ሳይት ላይ ካሉ ወጣት መሐንዲሶችና ከባለቤቶች የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ስፋቱ 8 ሜትር፣ ከፍታው 4 ሜትር የሆነ አንድ ፍሬም። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለሂሳብ ስለሚመቹ ነው።

ፖርታል ፍሬም ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሁለት ኮለን፣ በላያቸው አንድ ቢም። ከሩቅ ሲያዩት የበር መቃን ነው የሚመስለው። ልዩነቱ ያለው ማዕዘኑ ላይ ነው። ቢሙ ኮለኑ ላይ እንዲሁ ከተቀመጠ፣ በሁለት ግንድ ላይ የተጋደመ ወራጅ ማለት ነው። ቢሙ ሲጎብጥ ኮለኑ ምንም አይሰማውም፣ ክብደቱን ብቻ ይሸከማል። ፖርታል ፍሬም ውስጥ ግን ቢሙና ኮለኑ አንድ አካል ናቸው። ቢሙ ልጉበጥ ሲል ኮለኑ ይይዘዋል፣ አብሮትም ይጎብጣል። ሁለቱ አባላት ቢጣመሙም ማዕዘኑ 90 ዲግሪ እንደሆነ ይቆያል።

ብረት ቢሆን ይህን ለማግኘት ቦልትና ብየዳ ያስፈልጋል። አርማታ አንድ ላይ ስለሚሞላ ነገሩ በነጻ የተገኘ ይመስላል። አይደለም። ዋጋው ወደ ታች፣ ስለ ማዕዘኑ ፌሮ ስንነጋገር ይመጣል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? በቁጥር ማየት እፈልጋለሁ።

ፍሬሞቹ በየ3.5 ሜትሩ ይቁሙ። ከላይ 15 ሴንቲ ሜትር ሶሌታ (የአርማታ ንጣፍ)፣ ትንሽ ማጠናቀቂያ፣ ጣሪያ ላይ ለጥገና የሚወጣ ሰው። የቢሙን የራሱን ክብደት ጨምረን፣ በደህንነት ማባዣዎቹ (ቋሚውን ጭነት በ1.35፣ ተንቀሳቃሹን በ1.5) አባዝተን ስንደምረው በአንድ ሜትር ወደ 30 ኪሎ ኒውተን ይጠጋል። በሰፈር ቋንቋ 3 ቶን ገደማ በሜትር።

ቢሙ ኮለን ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ቢሆን፣ መሐሉ ላይ ያለው ሞመንት (ቢሙን የሚያጎብጠው ጉልበት) 30 × 8 × 8 ÷ 8 = 240 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው።

አሁን ማዕዘኑን ጽኑ እናድርገው። ኮለኑና ቢሙ እኩል መጠን ይኑራቸው፣ ከታች መሠረቱ ጋ ደግሞ ኮለኑ እንደ ማጠፊያ ነጻ ይሁን። ሂሳቡ ሲሠራ ማዕዘኑ ላይ 120፣ መሐል ላይ 120 ይወጣል። 240ው ለሁለት ተካፈለ። ቢሙ መሸከም ያለበት ግማሹን ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ምሳሌው ቆንጆ ሆኖ የወጣው ከፍታው የስፋቱ ግማሽ ስለሆነ ነው። ሌላ ቦታ እንዲህ እኩል አይካፈልም። አንድ ነገር ግን አይለወጥም። እኩል በተዘረጋ ጭነት ሥር የማዕዘኑና የመሐሉ ሞመንት ሲደመሩ ሁልጊዜ 240 ናቸው። ፍሬሙ ጭነቱን አያጠፋውም፣ ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ይሰጣል።

ታዲያ ኮለኑ የተቀበለው የት ይሄዳል?

ወደ መሠረቱ፣ ያውም በአግድም። ይህን ነው ብዙ ሰው የሚረሳው።

ኮለኑ አናቱ ላይ 120 ሞመንት ይዟል፣ ቁመቱ 4 ሜትር ነው። 120 ÷ 4 = 30 ኪሎ ኒውተን። ማለትም ጣሪያው ሲጫን የኮለኖቹ እግሮች ወደ ውጭ ሊንሸራተቱ ይፈልጋሉ፣ እያንዳንዱ በ3 ቶን ገደማ ኃይል። መሰላል የሚባል ነገር የተጠቀመ ሰው ያውቀዋል። ሁለት እግሩ የተከፈተ መሰላል ላይ ሲወጡ እግሮቹ ይሸሻሉ። የሚይዛቸው መሐል ላይ ያለው ገመድ ነው።

ለፍሬሙ ገመዱ ከወለሉ ሥር ሁለቱን ፉቲንጎች (የኮለኖቹን መሠረቶች) የሚያገናኘው ግሬድ ቢም ነው። 30 ኪሎ ኒውተንን ለመያዝ ብዙ ፌሮ አያስፈልግም፣ አንድ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ እንኳን ይችለዋል። ችግሩ ብዙ ፕላን ላይ ግሬድ ቢሙ የሚሳለው ለብሎኬት ግድግዳ መቀመጫ በሚል በረጅሙ ጎን ብቻ መሆኑ ነው። በፍሬሙ አቅጣጫ፣ ከአንዱ ኮለን ወደ ትይዩው፣ ምንም የለም። ያኔ ግፊቱን መያዝ ያለበት የፉቲንጉ ሥር ፍትጊያና ዙሪያው ያለው አፈር ነው። አፈሩ ዝናብ ሲመጣ የሚያብጥ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ከሆነ በእሱ ላይ መተማመን አልወድም።

መሠረቱን ሂንጅ (እንደ ማጠፊያ የሚዞር) ልበለው ወይስ ፊክስድ (የማይዞር)?

ፊክስድ ካሉት በእኛ ምሳሌ ማዕዘኑ 128፣ መሐሉ 112፣ የኮለኑ እግር ደግሞ 64 ይሆናል። አግድም ግፊቱ ከ30 ወደ 48 ይወጣል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ለቢሙ የተገኘው ጥቅም 8 ብቻ ነው። ለዚያ ሲባል ፉቲንጉ 64 ሞመንት እንዲይዝ ተደርጎ መስፋት አለበት።

እኔ ባለ አንድ ፎቅ አዳራሽ ላይ፣ ተራ አፈር ከሆነ፣ ለጣሪያው ጭነት ሂንጅ ብዬ እጀምራለሁ። ፉቲንግ በአፈር ላይ ተቀምጦ ምንም አልዞርም ማለት አይችልም። ትንሽ ሲዞር ሞመንቱ ወደ ላይ ይሸሻል። በሌላ በኩል እውነተኛ ሂንጅም አይደለም፣ ኮለኑ ከፉቲንጉ ጋር አብሮ ተሞልቷል፣ ፌሮው ገብቷል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ሠርቶ የከፋውን መውሰድ ደህና ልማድ ነው። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ወደ ጎን መንቀሳቀሱን ሲያዩ ግን የሂንጁ ፍሬም በጣም ልል እንደሆነ ያገኙታል። ከፍታው 6 ወይም 7 ሜትር ሲደርስ ለዚህ ብቻ ሲባል መሠረቱን ማጠንከር ሊያስፈልግ ይችላል።

ቢሙንና ኮለኑን ከስንት በስንት ልጀምር?

ለቢሙ ጥልቀት ስፋቱን ለ12 እስከ 15 ማካፈል። 8 ሜትር ከሆነ ከ55 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር። በምሳሌያችን 30 በ60 ወስደናል። ኮለኑም 30 በ60፣ ረጅሙ ጎን በፍሬሙ አቅጣጫ።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ቀላል ትመስላለች። አርክቴክቱ ኮለኑ ከግድግዳው እንዳይወጣ ይፈልግና ያዞረዋል። 60ው በግድግዳው በኩል፣ 30ው በፍሬሙ በኩል ይሆናል። ጥንካሬው በጥልቀቱ ኩብ ስለሚሄድ፣ ወርዱ እጥፍ ቢሆንም ኮለኑ 4 ጊዜ ልል ሆነ። የማዕዘኑ ሞመንት ወደ 69 ይወድቃል፣ የመሐሉ ወደ 171 ይወጣል፣ ፖርታል ፍሬሙ ተመልሶ ወደ ወራጅነት አዘነበለ። ከአርክቴክቱ ጋር በጊዜ መጨቃጨቅ ይሻላል።

ስንት ፌሮ ይገባዋል?

ሞመንቱ 120፣ ፌሮው 400 ሜጋ ፓስካል ደረጃ፣ በ1.15 ሲካፈል 348። ከላይ እስከ ፌሮው ያለው ጥልቀት 55 ሴንቲ ሜትር፣ የኃይል ክንዱ የዚያ 90 በመቶ። ሲካፈል ወደ 700 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመጣል። አራት ባለ 16 ፌሮ 804 ይሰጣል፤ በቂ ነው። መሐል ላይ ከታች አራት፣ ማዕዘን ላይ ከላይ አራት።

ኮለኑ ላይ ሂሳቡ ብቻውን ቢታይ በሁለቱም ፊት አራት አራት ይበቃዋል። ለመሬት መንቀጥቀጥ መካከለኛ ደክቲሊቲ (ሳይሰበር የመለጠጥ ችሎታ) ከተመረጠ ግን የኮለን ፌሮ ከኮለኑ ቁርጥ ስፋት፣ ከ30 በ60ው፣ 1 በመቶ ማነስ የለበትም። 1,800 ካሬ ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። በስታፋ (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያውን በሚያስረው ቀጭን ፌሮ) በተያዙ ፌሮዎች መካከል ያለው ርቀትም ከ20 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ሁለቱን አጣጥመን ስንደረድር 12 ባለ 16 ፌሮ ይሆናል፦ በጠባቦቹ ፊቶች አራት አራት፣ በጎኖቹ ሁለት ሁለት።

ማዕዘኑ ላይ ፌሮው እንዴት ይታሰር?

ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህንን ያንብብ።

ጣሪያው ሲጫን ማዕዘኑ በውጭ በኩል ይሳባል። የቢሙ የላይኛው ፌሮና የኮለኑ የውጭ ፌሮ አንድ መስመር ናቸው፤ ውጥረቱ በቢሙ አናት መጥቶ፣ ማዕዘኑ ላይ ታጥፎ፣ በኮለኑ ጀርባ ይወርዳል። ስለዚህ ፌሮው ራሱ እንደዚያ መሄድ አለበት። የቢሙ የላይ ፌሮ ኮለኑ ውጭ ፊት ድረስ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከኮለኑ የውጭ ፌሮ ጋር ይደራረባል።

ሳይት ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ሶሌታ ሊሞላ በዋዜማው ደረስኩ። የቢሙ የላይ ፌሮ ኮለኑ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፌራዮውን ስጠይቀው «ኮለኑ ፌሮ በዝቶበት አላስገባ አለኝ» አለኝ። አልዋሸም። 12 የኮለን ፌሮ ቆሞ፣ ከሁለት አቅጣጫ ቢም እየገባ፣ ቦታ የለም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ስዕሉ ላይ ማዕዘኑ በ1፡50 ስኬል በሁለት መስመር ታልፏል። የሳልኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የፍሬሙን ማዕዘን በ1፡10 ሳልስል ስዕል ከእጄ አይወጣም፣ እያንዳንዱን ፌሮ በእውነተኛ ውፍረቱ እስላለሁ። ወረቀት ላይ ካልገባ ሳይት ላይም አይገባም።

ስንት ይግባ? ኮንክሪቱ ሲ 25/30 (የጥንካሬ ደረጃ ነው፣ ወደ ታች ይብራራል)፣ ፌሮው 400 ከሆነ ፌሮው እንዳይነቀል ኮንክሪት ውስጥ መግባት ያለበት መሠረታዊው ርዝመት የፌሮው ውፍረት 32 እጥፍ ነው። ይህ ግን ከታች ላለ ፌሮ ነው። የቢም የላይ ፌሮ ሥር ኮንክሪቱ ሲቀመጥ ውሃና አየር ይጠራቀማል፣ መያዣው ይደክማል፣ ስለዚህ ርዝመቱ 46 እጥፍ ይሆናል። ለባለ 16 ፌሮ 74 ሴንቲ ሜትር። 60 ሴንቲ ሜትር ኮለን ውስጥ ቀጥ ብሎ እንደማይበቃ አሁን ታየ። ሲደራረብ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል።

እጥፋቱን በጣም ጠባብ አታድርጉት። ለባለ 16 የሚታጠፍበት ክብ ዲያሜትር ቢያንስ የፌሮው 4 እጥፍ፣ ከዚያ በላይ ለሆኑ ፌሮዎች 7 እጥፍ ነው። ጠባብ እጥፋት ከውስጥ ያለውን ኮንክሪት ይፈጨዋል። በማዕዘኑ ውስጥም ስታፋ ይቀጥላል። ብዙ ፌራዮ ቢሙ ጋ ሲደርስ የኮለኑን ስታፋ ያቆማል፣ ማሰሩ አስቸጋሪ ስለሆነ። እዚያ ነው ደግሞ ሰያፍ ስንጥቅ የሚወጣው።

በተቃራኒው ማዕዘኑን የሚከፍት ኃይልም አለ። ነፋስ ቀላል ጣሪያን ወደ ላይ ሲስብ፣ ወይም መሬት ሲነቃነቅ፣ የውስጡ ጥግ ይሳባል። የውስጥ ፌሮዎቹን ጥጉ ላይ አጥፎ ማስቀጠል ስህተት ነው። ሲሳብ ቀጥ ልበል ይላልና ኮቨሩን (ፌሮውን የሸፈነውን ኮንክሪት) ገፍቶ ያወጣዋል። የቢሙ የታች ፌሮ እስከ ኮለኑ ውጭ ፊት፣ የኮለኑ የውስጥ ፌሮ እስከ ቢሙ አናት ተሻግረው መያዝ አለባቸው። የሚከፍተው ኃይል ትልቅ ከሆነ ጥጉ ላይ ሰያፍ ፌሮ ይጨመራል።

አዲስ አበባ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ማስላት ያስፈልጋል እንዴ?

በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ንዝረት አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ከተሰማ ወዲህ ይህ ጥያቄ ቀንሷል። ከዚያ በፊት ግን እንደ ቅንጦት የሚያየው ብዙ ነበር። ታሪኩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል።

እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 8፣ ለአዲስ አበባ የሰጠው የመሬት ፍጥንጥነት (አክሰለሬሽን) የስበትን 5 በመቶ ነበር። የ2015ቱ ኮድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1998፣ ወደ 10 በመቶ አሳደገው። መሬቱ ስለተለወጠ አይደለም። የድሮው በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣውን፣ አዲሱ በ475 ዓመት አንዴ የሚመጣውን ስለሚያይ ነው።

በምሳሌያችን ላይ እንየው። በሴይስሚክ (የመሬት መንቀጥቀጥ) ሂሳብ የሚቆጠረው የአንዱ ፍሬም ክብደት ወደ 180 ኪሎ ኒውተን ነው። መካከለኛ ጠንካራ አፈር፣ 10 በመቶ፣ ባለ አንድ ፎቅ ፍሬም መካከለኛ ደክቲሊቲ ስለሆነ ኃይሉ በ3.3 ይካፈላል። ወደ ጎን የሚገፋው 16 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይወጣል። ማዕዘኑ ላይ 33 ሞመንት። ከዚያ ጋር አብሮ የሚታየው የጣሪያ ጭነት ማባዣ የሌለው ስለሆነ 80 ብቻ ነው። 80 እና 33፣ 113። ከ120 አይበልጥም። በዚህ ፍሬም ላይ የጣሪያው ጭነት አሸነፈ።

ያው ፍሬም 20 በመቶ ያለበት ዞን፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይቁም። 33ቱ 66 ይሆናል፣ ድምሩ 146። አሁን መንቀጥቀጡ አሸነፈ። የአዲስ አበባ ስዕል ገልብጦ ስምጥ ሸለቆ ከተማ ላይ መሥራት ለምን እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

በ3.3 ማካፈሉ ስጦታ አይደለም። መብቱ የሚገኘው በስታፋ ነው። ለዚህ ፍሬም ስሌቱ እንዲህ ይወጣል። ቢሙ ከኮለኑ ፊት ጀምሮ 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ ኮለኑም ከላይና ከታች 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ ስታፋው በየ12 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰራል። የቢሙ የመጀመሪያ ስታፋ ከኮለኑ ፊት በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ። የስታፋው መንጠቆ 135 ዲግሪ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። 90 ዲግሪ የታጠፈ ስታፋ ኮቨሩ ሲረግፍ ይከፈታል። ሳይት ላይ ይህን ለማስተካከል ከመሙላት በፊት ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። ከዚያ በኋላ አይቻልም።

ጠንካራ ኮለን፣ ደካማ ቢም የሚባለው እዚህም ይሠራል?

ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ ሲኖር አዎ። መጋጠሚያው ላይ የኮለኖቹ አቅም ድምር ከቢሞቹ ቢያንስ 1.3 እጥፍ መሆን አለበት። ባለ አንድ ፎቅ ፖርታል ላይ አይጠየቅም።

የብሎኬት ግድግዳ ጭነት ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር ያመጣል?

ሌላ ነገር ያመጣል፣ ያውም ከባድ። ዲዛይኑ ላይ ግድግዳው የለም፤ ክብደቱ ብቻ አለ። ሕንፃው ሲሠራ ግን ኮለኖቹ መካከል ተጣብቆ ይቆማል።

ትምህርት ቤት ያስቡ። ኮለኑ 3 ሜትር፣ ብሎኬቱ እስከ መስኮቱ ሥር 1.5 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ከኮለን ወደ ኮለን መስኮት። ኮለኑ የታችኛውን ግማሽ ግድግዳው ስለያዘው መንቀሳቀስ የሚችለው የላይኛው 1.5 ብቻ ነው። ቁመቱ በግማሽ ሲያጥር ጥንካሬው 8 ጊዜ ይጨምራል። ኃይል ደግሞ ጠንካራውን ይፈልጋል። ከሌሎቹ ኮለኖች ድርሻ እየወሰደ እሱ ላይ ይከመራል፣ በሺርም (በጎን ተቆርጦ) ይሰበራል። አጭር ኮለን የሚባለው ይህ ነው። መፍትሔው ግድግዳውን ከኮለኑ በትንሽ ክፍተት ለይቶ በሚለጠጥ ነገር መሙላት ነው። ካልሆነም ኮለኑን አጭር እንደሆነ ቆጥሮ ዲዛይን ማድረግና ስታፋውን በሙሉ ቁመቱ ማጥበቅ።

የዚህ ዘመድ የሆነው ደግሞ ባለ ሱቁ ሕንፃ ነው። ላይ ፎቆቹ በብሎኬት የተሞሉ፣ ምድር ቤቱ ሱቅ ስለሆነ በመስታወትና በተጠቅላይ በር ክፍት። ሲነቃነቅ እንቅስቃሴው ሁሉ ምድር ቤቱ ላይ ይሰበሰባል። ከተማችን ውስጥ የዚህ ዓይነት ሕንፃ ስንት እንዳለ ለመቁጠር አንድ ታክሲ መስመር ይበቃል።

በሌላው አቅጣጫስ ምን ይይዘዋል?

ፍሬሞቹ ተርታ ቆመዋል፣ እያንዳንዱ በራሱ አቅጣጫ ጠንካራ ነው። በርዝመቱ አቅጣጫ ግን ኮለኑ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ማዕዘኖቹን የሚያያይዙ ረዣዥም ቢሞች ከሌሉ እንደ ዶሚኖ ነው። እነሱም ከኮለኖቹ ጋር ፍሬም ሆነው መሰላት አለባቸው። ሕንፃው ከ30 ሜትር ብዙ ከረዘመ ደግሞ ስለ ሙቀትና ስለ መኮማተር የመለያ ክፍተት ያስቡ።

ኢታብስ ካለ ለምን በእጅ ልሥራ?

ኢታብስም ሳፕም፣ ሁለቱም የስሌት ሶፍትዌሮች፣ ያስገቡትን ነው የሚያሰሉት። ሃርዲ ክሮስ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው የማከፋፈያ ዘዴ ይህን ፍሬም አንድ ገጽ ላይ መጨረስ ይቻላል። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ጋር ያስተያዩት። ሞዴሉ ላይ መሠረቱ ሂንጅ ነው ፊክስድ? ቢሙ ጫፍ ላይ ሳይታወቅ ሞመንት የተለቀቀ አለ? የራስ ክብደት ሁለቴ ገብቷል? ማዕዘኑና መሐሉ ተደምረው 240 ካልሆኑ አንድ ነገር ተሳስቷል። በነገራችን ላይ ጠቅላላ ጭነቱም 240 የሆነው ስፋቱ 8 ስለሆነ ነው፣ በ8 ስንባዛ በ8 ስንካፈል። አጋጣሚ ነው፣ ሕግ አታድርጉት።

ስዕሉ ሲ 25 ይላል፣ ሌላው ሲ 25/30። አንድ ናቸው?

አይደሉም። በድሮው ኢቢሲኤስ ሲ 25 ማለት 15 ሴንቲ ሜትር ኩብ በ28 ቀን 25 ሜጋ ፓስካል የሚሰጥ ነው። በአዲሱ ሲ 25/30 ማለት ሲሊንደሩ 25፣ ኩቡ 30 ነው። የድሮው ሲ 25 አዲሱ ውስጥ ሲ 20/25 ይሆናል። ላቦራቶሪ የምንወስደው ኩብ ስለሆነ ውጤቱ 26 ሲመጣ አንዱ «አልፏል» ይላል፣ ሌላው «ወድቋል»። ከመሙላቱ በፊት ስዕሉ በየትኛው ኮድ እንደተሠራ መጠየቅ ነው።

እስከ ስንት ሜትር ስፋት ይሄዳል?

እስከ 10 እና 12 ሜትር ያለ ጭንቀት። ከዚያ በላይ የቢሙ የራሱ ክብደት ዋናው ጭነት መሆን ይጀምራል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነና ስፋቱ 15 ከደረሰ ብረት ያስቡ።

ድጋፉ መቼ ይነሳ?

ብዙ ስፔሲፊኬሽን ላይ የቢም ድጋፍ 21 ቀን ይቆያል። ኮንክሪቱ ውሃ ካልጠጣ ግን 21 ቀን ቁጥር ብቻ ነው። ፖርታል ፍሬም ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ድጋፉ በተነሳባት ደቂቃ የኮለኑ እግር ወደ ውጭ መግፋት ይጀምራል። ግሬድ ቢሙ ሳይሞላ፣ ፉቲንጉ ዙሪያ አፈሩ ተመልሶ ሳይጠቀጠቅ፣ የላይኛው ድጋፍ አይነካም። ሳይት ላይ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ባህር ዛፉ ለሌላ ቦታ ስለሚፈለግ።

በኋላ አንድ ፎቅ ልጨምርበት እችላለሁ?

ጣሪያ ላይ ሰማይ የሚያዩ የኮለን ፌሮዎች ያሉበት ቤት ሁሉ ይህን ጥያቄ ተስፋ አድርጎ የቆመ ነው። መልሱ ከዲዛይኑ በፊት ከተነገረኝ፣ አዎ። ፉቲንጉ፣ ኮለኑና ማዕዘኑ ለሁለት ፎቅ ይሠራሉ፣ ሶሌታው የጣሪያ ሳይሆን የወለል ጭነት ይሰጠዋል፣ ያ የ1.3 እጥፍ ሕግም ይገባል። ካልተነገረኝ፣ ከላይ የቀሩት ፌሮዎች ምንም አይናገሩም።

ከቀሩ ደግሞ ይሸፈኑ። ደካማ ኮንክሪት ይልበሱ፣ ሲፈለግ ተሰብሮ ይወጣል። አምስት ክረምት የዘነበበት ፌሮ ሲፋቅ ከባለ 16 ምን ያህል እንደቀረው በካሊፐር ይለኩት።